እንደ ወጉ ትጠብቀኝ

መኪናው ከሪቃይ ሰፈር ወጥቶ ወደ ትልቁ መንገድ ሲታጠፍ፣ ሀረገወይን ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን የውሃ ጠርሙስ በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችው። ጠርሙሱ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል። ከጎኗ አሠሪዋ ማዳም ለእናቷ የላከችው መረቅና ሩዝ በሁለት ድስት ታስሮ ተቀምጧል። ድስቶቹ በየመታጠፊያው ይንገጫገጫሉ፤ እሷ ግን ዞር ብላም አላየቻቸውም።

«ጋሽ ታዬ፣ እባክህ ትንሽ ፈጠን በል።»

«ከዚህ በላይ ከፈጠንኩ ካሜራው ለባባ ቅጣት ይልክለታል፤ ባባ ደግሞ እኔን ወደ ደንበጫ ይልከኛል» አለ ሾፌሩ ታዬ። የአፍ መሸፈኛውን አገጩ ላይ አውርዶታል። «አይዞሽ ሀረጌ። ዛሬ መንገዱ የእኔና የአንቺ ነው። እንዲህ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሙሽራ የቀረበት ድንኳን ይመስላል።»

እውነቱን ነበር። ጊዜው ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ የዓቢይ ጾም የኒቆዲሞስ ሳምንት ነው። በሽታው ዓለሙን ሁሉ ቤቱ አስቀምጦታል። በዚያ ሰሞን በኩዌት ከተማ አዛን የሚያሰሙት ሰዎች «ኑ ወደ ስግደት» በሚሉበት ቦታ «በየቤታችሁ ስገዱ» ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ይሰበራል፤ የሰማ ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የያዘውን ሥራ ለአፍታ ይተዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሳይረን ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ደጅ የተገኘ ይያዛል። ሠራተኞቹ ይህን ሰዓት እላፊ እንደ አገሬው «ሐዝር» ብለው ይጠሩት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም ተዘግቷል። አርብ አርብ ሐበሾች ይሰበሰቡባቸው የነበሩት የኪራይ ክፍሎችም እንደዚያው።

ሰኞ ደግሞ ማህቡላ ታጠረች። በባሕሩ ዳር ያለችው ይህች ሰፈር የኩባንያ ሠራተኛ በየፎቁ ታጭቆ የሚኖርባት ናት። በሽታው እዚያ በርትቷል ተባለና መግቢያ መውጫዋ ሁሉ በሲሚንቶ ብሎክና በእሾህ ሽቦ ተዘጋ። ከውስጥ ያለ አይወጣም፣ ከውጭ ያለ አይገባም። ሲምረት ያለችው ከሽቦው ወዲያ ነበር።

ሲምረትና ሀረገወይን ወደ ኩዌት የመጡት በአንድ አውሮፕላን ነው። ሀረገወይን ሪቃይ አንድ ቤት ገብታ እዚያው ቀረች። ሲምረት ጀህራ ነበር የደረሳት፤ ከቤቱ ጠፍታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። ማህቡላ ሻሼ ከምትባል ጓደኛዋ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ድግስ ባለበት ቤት ሁሉ እየዞረች ምግብ ታበስላለች። ስኳር አለባት። ሳቂታ ናት። ሀረገወይን ግን ጥርሷን እንኳ የምታሳየው ለሚያውቋት ሰዎች ብቻ ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጸበል የማኅበሩ ነበር። አርብ አርብ ሳልሚያ በሚሰበሰቡበት ክፍል የኪዳነ ምሕረት ማኅበር አለቻቸው። ማኅበሩን የሚመራው አንዳርጌ የሚባል የሕንፃ ጥበቃ ነው፤ በማኅበር ወግ መሪውን «ሙሴ» ስለሚሉት እሱንም «ሙሴያችን» ይሉታል። በመስከረም አንድ ሰው ከአገር ሲመለስ ጸበል በጀሪካን ይዞ መጣ። ማን ይያዘው ሲባል ሙሴው ወደ ሀረገወይን እጁን ዘረጋ። «ሀረግ እጅ የገባ አይባክንም» አለ። እሷም አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ሌሊቱን ግን ደስታ እንቅልፍ ነስቷት አደረ። ባላት ዕድሜ ሁሉ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ነገር አደራ ብሎ ሰጥቷት አያውቅም።

ጠበቀችው። የማዳምን ልብስ በምትተኩስበት ክፍል፣ ከሳሙናዎቹ ኋላ ሸሽጋ ነጠላ አለበሰችው። በየአርቡ በትንሽ ጠርሙስ ቀድታ ትወስዳለች። የሚጠጣ ሲመጣ ትጠይቃለች። ቀምሰሻል? ከሰው ተጣልተሻል? የወር አበባ ላይ ነሽ? መልሱ ካላማራት «የሚቀጥለው አርብ» ትላለች። በዚህ ዓይነት ጾሙ ሲገባ ጀሪካኑ ገና ከወገቡ በላይ ሙሉ ነበር። ሙሴው በሰው ፊት አመሰገናት።

በጾሙ መጀመሪያ አንድ አርብ ሲምረት ከሥራ በቀጥታ መጣች። ፊቷ ገርጥቷል።

«እስኪ ያንን ጸበል አንድ ጉንጭ ስጪኝ፣ ሀረግ። ሰሞኑን ሰውነቴ የእኔ አልመስለኝ እያለ ነው።»

«ቀምሰሻል?»

«ምን እቀምሳለሁ በጾም? የድግሱን መረቅ ጨው አየሁለት እንጂ። እሱንም ተፍቼዋለሁ።»

«የሥጋ መረቅ ነው?»

«የሰርግ ቤት የሽምብራ መረቅ ይሠራል እንዴ፣ አንቺ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሀረገወይን አልሳቀችም። ጠርሙሱን ከደነችው። «የሚቀጥለው አርብ ነይ፣ ሲምዬ። ንጹሕ ሆነሽ ጠጪው።»

ሲምረት አልተቀየመችም። ትከሻዋን ነቀነቀችና «እሺ አለቃ» አለች። «አንቺ በዚህኛው በር አቁመሽኛል። በዚያኛው በር እኔ ቀድሜ ከደረስኩ ግን አስከፍትልሻለሁ፤ እንዳንቺ ክፉ አይደለሁም።» ሴቶቹ እንደገና ሳቁ፤ እሷም አብራቸው ሳቀች።

የሚቀጥለው አርብ አልመጣም። በዚያው ሳምንት መሰብሰብ ተከለከለ።

መኪናው የፈሃሂልን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ ይከንፋል። ሀረገወይን በመስኮቱ የተዘጉትን ሱቆች እያየች ከአሥር ቀን በላይ ስትሸሸው የከረመችውን ድምፅ ሰማች። የገብር ኄር እሑድ የንስሐ አባታቸው ትምህርታቸውን በስልክ ልከውላቸው ነበር። እሷም የማዳምን ባል የባባን ዲሽዳሻ እየተኮሰች አዳመጠችው። ጌታው መክሊት ሰጥቷቸው ስለ ሄደው ስለ ሦስቱ አገልጋዮች ነው። «ያ የቀበረው ባሪያ ሌባ አልነበረም» ይላሉ አባ። «አልሰረቀም፣ አልጠጣበትም፣ አላባከነም። የተቀበለውን አንድም ሳይጎድል መለሰ። ልጆቼ፣ የተፈረደበት በዚሁ ነው።» ያን ቀን ሀረገወይን ሰነፎችን ነበር ያሰበችው። ማኅበር የሚያስታጉሉትን፣ ጾም የሚገድፉትን። ዲሽዳሻውን አጣጥፋ ሌላ አነሳች።

ትናንት ማታ ሻሼ ደወለች። ሲምረት አልጋ ላይ ከወደቀች ሰንብታለች፤ ትኩሳት አላት፤ አምቡላንስ ልጥራ ስትላት ኢቃማ ስለሌላት «አሳልፈሽ ልትሰጪኝ ነው?» ብላ ታለቅሳለች። አሁን የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጸበሉን አምጡልኝ።

«ነገ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ» አለች ሀረገወይን። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ለወራት ስትለው የኖረችው ነገር ሳታስበው ከአፏ ወጣ። «እንደ ወጉ ትጠብቀኝ በያት።»

ጠዋት ግን አልተቻለም። ፊንጣስ ያለው የማዳም እናት ቤት ለማህቡላ ጎረቤት ነው፤ ምግብ ይዛ ከታዬ ጋር እንድትሄድ ማዳም ፈቅዳላት ነበር። ግን መጀመሪያ ምንጣፉ ታጠበ። ቀጥሎ ማዳም ተኛች። ስትነሳ መረቁ አልተሠራም ነበር። በመጨረሻ ማንኪያውን ወደ ሀረገወይን አፍ አስጠጋችና «ጨዉን እይልኝ፤ እናቴ ደም ግፊት አለባት። ከዚያ ትሄጃለሽ» አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሀረገወይን አሽትታ ብቻ ትፈርዳለች፤ ወይም ልጆቹን ታስቀምሳለች። በጾም መረቅ አፏ ገብቶ አያውቅም። ዛሬ ግን አፏን ከፈተች።

«ጋሽ ታዬ» አለች አሁን ቀስ ብላ። «እኔ ዛሬ ቀምሻለሁ።»

«ምን?»

«የማዳምን መረቅ። የበግ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ይህን ይዤ መሄድ ይገባኛል ወይ እያልኩ ነው።»

ታዬ በመስተዋቱ አያት። «ጠርሙሱን የያዘው እጅሽ ነው ወይስ ምላስሽ?» አለ። ዓይኑን ወደ መንገዱ መልሶ ጨመረ፤ «እኔ ቄስ አይደለሁም። ግን የታመመ ሰው ደጅ ደርሰሽ ‹ስለ ቀመስኩ ተመለስኩ› ብትይ እኔው ራሴ እሰድብሻለሁ።»

ፊንጣስ ድስቶቹን ለበሩ ጠባቂ ሰጥተው ሳይወርዱ ዞሩ። ሰዓቱ ሄዷል። ማህቡላ መግቢያ ሲደርሱ ታዬ መኪናውን ዳር አስያዘ። የሲሚንቶ ብሎኮቹ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግተውታል፤ በላያቸው የእሾህ ሽቦ ተዘርግቷል። ከወዲያ በኩል ሰዎች ተራርቀው ቆመዋል። አንዱ ስልክ እያወራ ነው፤ አንዱ ዝም ብሎ ወደ መንገዱ ያያል። የፎቆቹ መስኮት ሁሉ ሰው አለበት።

አንድ ወጣት ፖሊስ ጓንት ያደረገ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። «መምኑዕ። ክልክል ነው። ተመለሱ።»

ታዬ ጭምብሉን ወደ አፍንጫው መለሰና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአረብኛ ለመነው። እህቷ ታማለች አለ። አንዲት ጠርሙስ ብቻ ናት አለ።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ውሃ።»

«ውሃ ከውስጥ ሞልቷቸዋል።» ፖሊሱ ጠርሙሱን አየ፣ ነጠላውን አየ፣ ሀረገወይንን አየ። «አረቄ ነው። እናንተ ሐበሾች ትሠራላችሁ።»

«ወላሂ አይደለም!» አለ ታዬ። «ይህ የጸሎት ውሃ ነው። ለእናንተ ዘምዘም እንዳለ ሁሉ፣ ይህ የእኛ ዘምዘም ነው።»

ፖሊሱ ዘምዘም የሚለውን ሲሰማ ነጠላውን እንደገና አየ። ከዚያ በአገጩ ወደ ጠርሙሱ ጠቆመ። «ትጠጣው።»

ሀረገወይን ነገሩ የገባት ታዬ እስኪተረጉምላት ሳትጠብቅ ነው። ነጠላውን ፈታች። ክዳኑን ከፈተች። የመረቁ ቅባት ገና ከምላሷ አልጠፋም። ለወራት ሴቶቹን ስትጠይቃቸው የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሷ ላይ መጣ። አማተበችና ጎንጨት አለች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ጉሮሮዋ ከዚህ ቀደም ከሚያውቀው አልተለየም፤ ምንም አልሆነችም።

ፖሊሱ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። «ብሎኩ ላይ አስቀምጪው። አንቺ ስትርቂ ከወዲያ ያለችው ትወስደዋለች። ቶሎ።»

ሻሼ ከወዲያ ማዶ ቆማ ነበር። አጭር፣ ጠይም፣ ሁልጊዜ ለነገር የማትሰንፍ የወሎ ልጅ ናት። ዛሬ ግን ፀጉሯን እንኳ አላሰረችም። ፖሊሱ በጠርሙሱ ላይ መድኃኒት ሲረጭበት ሁለቱ ሴቶች በሽቦው በኩል ተያዩ።

«ደረሽ?» አለች ሻሼ። «ጠዋት አላልሽም ነበር?»

«አላስወጣችኝም። እንዴት ናት?»

«እንዴት ትሆናለች? ምንም አልቀመሰች።»

«ምግብ አልዘልቃት አለ?»

«አይ። ምግብስ ትናንት ቀን ሾርባ ጠጥታልኝ ነበር። አንቺን እየጠበቀች ነው።» ሻሼ ሽቦውን ልትይዝ እጇን ዘረጋችና ፖሊሱን አይታ መለሰችው። «እንደ ወጉ ትጠብቀኝ ብለሽ የለ? ነገርኳት። ከዚያ ወዲያ ውሃ በከንፈሯ አላለፈም። ስኳርሽ ይወርዳል፣ ማር ላሺ ብዬ ለመንኳት። ክኒኗን እንኳ በውሃ ይዋጣል ብላ ተወችው። ‹ባለፈው በአንድ ማንኪያ መረቅ መልሳኛለች፤ አሁን ደግሞ ብትመልሰኝ ሌላ አርብ የለኝም› ነው የምትለው። ጠዋት ሆነ፣ ትመጣለች አልን። ቀትር ሆነ፣ አሁን ትመጣለች አልን።»

ሀረገወይን ወደ ሽቦው ተጠጋች። «ለታመመ እኮ ጾም የለም» አለች። «የታመመ ሰው በልቶም ጠጥቶም... ይህን እኮ...»

«ማን ነገራት?»

ሻሼ ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም። እንደ ማንኛውም ጥያቄ ነበር የጠየቀችው፤ መልሱንም የምትጠብቅ ይመስል ነበር።

«ሂጂ» አለች ሀረገወይን። «ሩጪ። አሁኑኑ ስጪያት፤ ከዚያ ማሩንም፣ ክኒኑንም፣ የፈለገችውን ሁሉ። ምንም አትጠይቂያት ሻሼ። ሀረግ ይቅር በዪኝ ብላለች በያት።»

ሻሼ ጠርሙሱን ከብሎኩ ላይ አነሳች፤ መድኃኒቱ ገና ይንጠባጠብበታል። በመጀመሪያ በፍጥነት ተራመደች፣ ቀጥሎ ሮጠች፤ በሁለት ፎቆች መካከል ገብታ ጠፋች። ሀረገወይን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከመስኮቶቹ የትኛው የሲምረት እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሳልሚያ በአርብ ሲገናኙ ኖረዋል እንጂ አንድ ቀን እንኳ ቤቷ ሄዳ አይታት አታውቅም።

«ያላ፣ ሐዝር!» አለ ፖሊሱ። ሰዓቱን አሳያት። ድምፁ እንደ መጀመሪያው ኮስታራ አልነበረም።

ታዬ ክንዷን ይዞ ወደ መኪናው መለሳት። የፊቱን በር ከፍቶ አስገባት፤ ከዚህ በፊት ማዳም ያየች እንደሆነ ብሎ ፊት አስቀምጧት አያውቅም ነበር። ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ መስታወቱ እስኪበራ ትጠብቃለች። ታዬ ካሜራውንም ባባንም ረስቶ ይነዳል።

«ስኳር የወረደበት ሰው ቶሎ ነው የሚመለስ» አለ። «የእኛ ሰፈር አንድ ነጋዴ ነበር። ወድቆ ሞተ ተብሎ ሲለቀስ ማር አፉ ውስጥ ቢጨምሩለት ተነስቶ ‹ማን ሞተ?› ብሏል።»

ሀረገወይን ልትስቅለት ሞከረች። «እመቤቴ» ብቻ አለች።

ሪቃይ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ስልኩ ጠራ። ታዬ ሳይነገረው መኪናውን አቆመ።

«ጠጣች» አለች ሻሼ።

«ተመስገን። ተመስገን።»

«ቀና አድርጌ ደግፌያት ነው። መጀመሪያ ‹ምን ብላ ሰጠችሽ?› አለችኝ። ምንም አትጠይቂያት ብላለች አልኳት። ይቅር በዪኝም ብላለች አልኳት። ‹እሷ ደግሞ፣ ለምኑ?› አለች። ከዚያ አማተበችና ጠጣች። እየቀለለኝ ነው አለች።» ሻሼ ቶሎ ቶሎ ታወራለች፤ በመሃል ትንፋሽዋ ይቆራረጣል። «‹አሁንስ መቅመስ እችላለሁ?› ብላ ጠየቀችኝ። ትችያለሽ አልኳት። ማሩን ላምጣልሽ ስላት አይሆንም፣ ‹ሻይ አፍይልኝ፣ ስኳሩን አብዢው፣ ዛሬ ማንም አይቆጣጠረኝም› አለችኝ። ሳቀች እኮ ሀረግ፤ እየሳቀች ነው ያዘዘችኝ።»

«እሺ» አለች ሀረገወይን። «እሺ፣ ከዚያ?»

ከሩቅ ሳይረኑ ጀመረ፤ በስልኩም ውስጥ ከማህቡላ በኩል ያው ሳይረን ይሰማል።

«ኩሽናው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው» አለች ሻሼ። «ሰው ተሰልፎ ነበር። የታመመ አለብኝ ብዬ ቀደምኳቸው። ብዙም አልቆየሁ። ሀረግ፣ ብዙም አልቆየሁም።»

ሀረገወይን እጇን አፏ ላይ አደረገች። ታዬ ቁልፉን ነቀለና ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈ።

«ዓይኗን እኔ ከደንኩላት» አለች ሻሼ። ድምፅዋ አሁን የሕፃን ሆኗል። «ሻዩ ግን ይኸው እጄ ላይ ነው፤ ገና ትኩስ ነው። ሀረግ፣ ምን ላድርገው?»